የቀማሹ ወንበር

ሂዳያ በየቀኑ ጠዋት ዘይቱ ሲግል አንዲት ሳምቡሳ ብቻዋን መጥበሻው ውስጥ ትጥላለች። የቀሩት ጥሬዎች በትሪ ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ያቺ አንዷ ስትቀላ አውጥታ ወረቀት ላይ ታሳርፋታለች፤ ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ ከሁለት ትገምሳትና ሳትበርድ ግማሿን ወደ በሩ ትዘረጋለች። በሩ ላይ፣ መደገፊያው በአባትና በልጅ ጀርባ የለሰለሰ የዋንዛ ወንበር አለ። ብዙ ዓመት ከዚያ ወንበር ላይ እጁን ዘርግቶ ግማሿን የሚቀበላት ባሏ ሙሂዲን ነበር።

ሙሂዲን ወዲያው አይጎርስም ነበር። መጀመሪያ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል፤ ቢስሚላህ ይላል፤ ከዚያ አላፊ አግዳሚው እያየው ያኝካል። ከዋጠ በኋላ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ሂዳያ የቀሩትን ትጥላለች። ድንች ጥብሱም፣ ቦምቦሊኖውም እንደዚያው ነው። አዲስ ነገር ከመጥበሻ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያው ለሙሂዲን ነው። ከአዲስ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳው ስኳር የገባበት ሻይ እንኳ የመጀመሪያው ጉንጭ የእሱ ነበር።

ይህን ሥርዓት ያመጡት አባቱ ናቸው። ከስልጤ አገር ወጥተው አምቦ ገበያ ዳር ዳቦ መሸጥ ሲጀምሩ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም፤ ገበያተኛውም ከማያውቀው ሰው እጅ እህል ገዝቶ መብላት ይከብደው ነበር። ስለዚህ እየቆረሱ እፊቱ በሉ። እየበሉ ከተማው ለመዳቸው። ሲሞቱ ለልጃቸው የተዉለት ይህንን ወንበርና በሰው ፊት ያልተቀመሰ ነገር ከቤታቸው እንዳይወጣ የሚል አደራ ነው።

ሂዳያና ሙሂዲን የተጋቡት በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ልጅ አልወለዱም። ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በር ትንሽ ወረድ ብላ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ጠዋት ለሹፌሮች ፉልና ቅንጬ፣ ከሰዓት ለተማሪዎች ሳምቡሳና እርጥብ መሸጥ ጀመሩ። እርጥብ ማለት የተሰነጠቀ ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስና ቃሪያ ጠቅጥቆ፣ ስልስ አፍስሶበት በወረቀት ጠቅልሎ መስጠት ነው፤ ከግቢው ካፌ ምግብ የሸሸ ተማሪ ሁሉ እራቱ እሱ ነው። ተማሪዎቹ ሙሂዲንን ላቦራቶሪ ብለው ስም አወጡለት።

«ላቦራቶሪ! ውጤት ወጣ እንዴ?»

«ወጥቷል። ነጋቲቭ ነህ፣ ብላ!»

«ደግመህ መርምረው፣ ትናንት ሆዴ ሲጮህ ነው ያደረው።»

«እሱ ፈተና ፈርቶ ነው። ድንቹ ምን አደረገ?»

ሂዳያ መጥበሻው ላይ አጎንብሳ ትስቃለች። ወርቅቱ የምትባል የሰፈሩ ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ኦቦ ነገራ፣ የባጃጅ ሹፌር የሆኑት ጎረቤታቸው፣ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ከመንገድ ላይ «ሂዳያ፣ አካም ጅርታ?» ብለው ፉላቸውን ይቀበላሉ። ያን ጊዜ ሙሂዲን ቀጭን ነበር። ለጁምዓ ሶላት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለስ ነበር።

በስልክ ማዘዝ መጀመሪያ የመጣው በትንሹ ነው። ሁለት የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፈቱ፤ ተማሪው ከዶርም ይጽፋል፣ ሂዳያ ትጠቀልላለች፣ ኦቦ ነገራ ያደርሳሉ። ፉልም ይታዘዝ ነበር፣ ምስር ሾርባም ይታዘዝ ነበር። ኦቦ ነገራ ሾርባውን በክዳን ይዘው ባጃጁን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያሉ ይነዱታል።

ከዚያ ቀይ ሳጥን መጣ። ድርጅቱ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው፤ የራሱ የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ አምቦ ግን በሞተረኞቹ ጀርባ ላይ በታሰረው ሳጥን ቀለም ጠራው። ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ ባሉት ከተሞች ሁሉ በአንድ በጋ ውስጥ ደረሰ። የምሩቃኑን ቻናል ገዛው። ሲገዛው ቻናሉ ይሰፋል ተብሎ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ተዘጋ።

«ተሸጠ ሲሉኝ እኔንም አብረው የሸጡኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ኦቦ ነገራ። «ለካ እኔ ትራፊ ነኝ።»

ወደ ሂዳያ ሱቅ የመጣው የድርጅቱ ሰው ጂራ ይባላል። የጊንጪ ልጅ ነው፣ ትሑት፣ ቀይ ጃኬቱን በሚገባ የሚተኩስ። ውሉን አነበበላት። ሱቁ በሌላ መንገድ ምግብ ማድረስ አይችልም፤ በር ላይም ከስልኩ ዋጋ በታች አይሸጥም። ሌላ የሚያደርስ ደግሞ ከተማው ውስጥ አልቀረም። ሂዳያ ፈረመች። ሙሂዲን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«የሚያዘው ሰው ስቀምስ ያየኛል?»

ጂራ ሳቀ። «አያይዎትም፣ ኦቦ ሙሂዲን። ኮከብ ነው የሚሰጥዎት።»

በስልኩ ገጽ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ኮምቦ የሚባለው ነው፤ ድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳ ወይም በርገር፣ ከነለስላሳው በአንድ ላይ። ቶሎ የሚጠበስ፣ የማይፈስ፣ ሳጥን ውስጥ የማይገለበጥ። ፉሉ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ኮከብ አስቀነሰ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ ተባለ፤ ቅንጬው ከገጹ መጨረሻ ወርዶ ማንም የማያየው ቦታ ተቀመጠ። ዓመት ሳይሞላ ሂዳያ ጠዋትም ማታም የምትጠብስ ሴት ሆነች። ተማሪውም ወደ በሩ መምጣት ተወ፤ አልጋው ላይ ተኝቶ ያዛል። ላቦራቶሪ ብሎ የሚጮህ ጠፋ።

ሙሂዲን ግን መቅመሱን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ቀድሞ የሚቀምሰው ከየመጥበሻው አንድ ነበር። አሁን ከእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ቁራሽ ይወስድ ጀመር፤ ከለስላሳውም ብርጭቆ ላይ ጥቂት። ሂዳያ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ጥያቄው ገረመው።

«የሚያየኝ ሰው የራሱ ዓይን አለው» አላት። «የማያየኝ ሰው ግን ያለው እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህን ስትሰማ ሂዳያ በባሏ ኮራች። ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ የምታስታውሰው ያንን ኩራቷን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሙሂዲን ውኃ ይጠማው ጀመር። የውኃ ማሰሮ አጠገቡ ተቀመጠለት፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስነሣዋል፤ ሆዱ ገፍቶ እግሮቹ ሰለሉ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሲስተር ዱረቲ፣ የስኳር ሕሙማንን የምትከታተለው ነርስ፣ ጣቱን ወግታ ደሙን ለካችው። ቁጥሩን አይታ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት በሌላ ደገመችው።

«ኦቦ ሙሂዲን፣ በቀን ምን ምን ነው የሚበሉት?»

«ጠዋት ዳቦ በሻይ። ቀን ሽሮ። ማታ ያገኘሁትን።»

«የተጠበሰ ነገርስ? ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ?»

«እሱንማ እንሸጠዋለን እንጂ አንበላውም።»

ሂዳያ ከጎኑ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም አልዋሹም። ለእነሱ ምግብ ማለት እጅ ታጥቦ፣ ተቀምጦ፣ ከሳህን የሚበላ ነው። ቅምሻ ሥራ ነው። አናጢ እንጨት ይለካል፣ ነጋዴ እህል ይዘግናል፣ ሙሂዲን ይቀምሳል። በቀን ውስጥ ምን በላህ ሲባል ቅምሻው ትዝ ያላለው፣ ስንት ጊዜ ዓይንህን ጨፈንክ ቢሉት ትዝ የማይለውን ያህል ነው።

ሲስተር ዱረቲ ክኒን ሰጠችው፣ አመጋገቡንም ነገረቻቸው። ሂዳያ የተነገራትን ሁሉ አደረገች። ለባሏ ለብቻው ትሠራለት ጀመር፤ የገብስ ቅንጬ ያለ ቅቤ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። እሱም አንድ ቀን እንኳ ሳያጉረመርም በላ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ወንበሩ ይሄዳል፤ እሷም ግማሿን ሳምቡሳ ትዘረጋለታለች።

ቁጥሩ አልወረደም። ክኒኑ ተጨመረ፤ አልወረደም። ሲስተር ዱረቲ ክኒኑን እየጣለው እንደሆነ ጠረጠረች። ሂዳያ የጠረጠረችው ሌላ ነው። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመች።

«እውነቱን ንገረኝ። የት ነው የምትበላው?»

«ምን?»

«እኔ ለአንተ ጎመን ስቀነጥብ እጄ ተላጠ። አንተ የሆነ ቤት ገብተህ ትበላለህ። የሰው ቤት ነው? ኬክ ቤት ነው?»

«ሂዳያ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማ! የገዛ ደምህ እየመሰከረብህ!»

ሙሂዲን መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ፣ ከአንቺ እጅ ሌላ አንድ ጉርሻ አፌ አልገባም» አላት።

አላመነችውም። ለብዙ ሳምንት አኮረፈችው። ጠዋት ጠዋት ያቺን ግማሽ ሳምቡሳ ስትዘረጋለት እንኳ ፊቷን አዙራ ነበር።

እውነቱን ያወጣው ረመዳን ነው። ሲስተር ዱረቲ እንዳይጾም ብትመክረውም ሙሂዲን ጾመ። በረመዳን ሱቁ ቀን ይዘጋል፤ ማታ ሲከፈት ደግሞ እሱ ለተራዊሕ ሶላት መስጊድ ስለሚሄድ ወንበሩ ላይ ወርቅቱ ትቀመጣለች፤ የምትቀምሰውም እሷ ናት። ከዒድ በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ወርዶ ነበር። ሲስተር ዱረቲ ወንበሯን ወደ እነሱ ሳበች።

«ምን ቀየራችሁ?»

«ምንም» አለ ሙሂዲን። «ጾምኩ እንጂ። ማታ የምበላው ያው ሂዳያ የምትሠራልኝን ነው።»

«ቀን ደግሞ ከጾሙ በፊትም ብዙ አይበሉም ነበር ብለውኛል።»

«አዎ። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ እቀምሳለሁ እንጂ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ሂዳያ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሲስተር ዱረቲ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች።

«ምንድን ነው የሚቀምሱት?»

የመለሰችላት ሂዳያ ናት። ሳምቡሳውን፣ ድንቹን፣ ቦምቦሊኖውን፣ ለስላሳውን፣ ሻዩን፣ ከየመጥበሻው፣ ከየትእዛዙ ብላ ስትዘረዝር ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። ሲስተር ዱረቲ አልተቆጣችም። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር።

«እና ይሄን ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?»

«ምን እንደሚበላ ነው የጠየቅሽን» አለች ሂዳያ።

በዚያ ቀን ማታ ይቅርታ ለመነችው። ሙሂዲን ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር መኖሩን ረስቶት ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ለወርቅቱ እንዲተው ስትጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«በረመዳን ለአላህ ብዬ ተነሣሁ። አሁን ለማን ብዬ?»

«ለእኔ ብለህ።»

«ለአንቺ ብዬ ሌላ ሁሉ እተዋለሁ» አላት። «አባቴ ሲሞት እጄን ይዞ ነው ያወረሰኝ። እኔ ቤት እያለሁ ሌላ ሰው ይቅመስ?»

ሂዳያ ባሏን መለወጥ ካልቻለች ምግቡን ለመለወጥ ወሰነች። ቦምቦሊኖውን ተወች። ድንቹን ቀቅላ በቃሪያና በሎሚ ለወሰችው፤ እርጥቡን በባቄላና በእንቁላል ሞላችው፤ ለስላሳውን በውኃ ተካችው። ሙሂዲን በየትእዛዙ ቀመሰ፤ የሚቀምሰው ግን የሚገድለው አልነበረም። አንዳንድ ተማሪዎች ወደዱት። አንዷ በስልኩ ላይ እናቴ የሠራችልኝ መሰለኝ ብላ ጻፈች፤ ሂዳያ ይህንን ወርቅቱን ሁለት ጊዜ አስነበበቻት። በዚያ ሰሞን ባልና ሚስቱ ማታ ማታ ሱቁን ዘግተው ቀስ እያሉ በእግራቸው ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ሙሂዲን ትንሽ ሄዶ ያርፋል፤ እሷም ለእሱ ብላ የቆመች እንዳይመስለው የሆነ ሱቅ መስኮት ታያለች።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ትእዛዙ የቀነሰው ቀስ በቀስ አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረቀ። ሂዳያ በወርቅቱ ስልክ የራሷን ሱቅ ብትፈልግ አጣችው። ጂራን አስጠራችው።

«ማሎ፣ አዴ ሂዳያ፣ እኔ አይደለሁም» አለ በልመና ድምፅ። «ኮምቦ የሌለው ሱቅ ወደ ታች ይወርዳል። ማሽኑ ነው የሚያወርደው።»

«ማሽኑን ንገረዋ።»

«ማንን ልንገረው? እኔም እንደእርስዎ የማየው በስልኬ ነው።»

«እሺ፣ በኦቦ ነገራ ባጃጅ ልላክ።»

«ውሉ አይፈቅድም። ካወቁ ጨርሶ ያወጡዎታል።»

«በሩ ላይ አርክሼ ልሽጥ።»

ጂራ ጫማውን አየ። «እሱንም አይፈቅድም። ደግሞስ አዴ ሂዳያ፣ ማን ወደ በር ይመጣል አሁን?»

ሂዳያ ወደ በሩ አየች። ሙሂዲን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። መንገዱ ላይ ቀይ ሳጥን የጫኑ ሞተሮች ወደ ሌሎች ሱቆች ያልፋሉ። የኪራዩ ጊዜ ቀርቦ ነበር፤ የስኳር መድኃኒቱም የሚገዛው ከዚያችው ሱቅ ነው። ዘይቱን እንደገና የጣደችው ሂዳያ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም ደግሞ ሌላ መንገድ አላሳያትም።

አንድ ነገር ግን አሰበች። ሱቁ በጓሮ በኩል ትንሽ በር አለው። ሞተረኞቹን በዚያ በኩል እንዲቀበሉ ነገረቻቸው። ጠዋት ያቺን አንዲት ግማሽ ሳምቡሳ ለሙሂዲን ትሰጠዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳይቀመስ በጓሮ ይወጣል። እሱ ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ እንዲያስብ ትታው ነበር። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት በር ላይ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አንዳንዴ መጥበሻው ሲንጣጣ ይሰማና ዘወር ይላል፤ እሷም «ለወርቅቱ ልጆች ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሞተረኛው ተሳስቶ በፊት ለፊት ወጣ። ሳጥኑ የሂዳያን ሳምቡሳ ሸተተ። ሙሂዲን ሞተሩ በመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ አየው። ተነሣ፣ ወንበሩን በሁለት እጁ አነሣ፤ እያነከሰ በሱቁ መሀል አልፎ ጓሮ በር ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

«ሙሄ፣ እባክህ።»

«አምጪ» አላት።

ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር፤ ሞተረኛው ውጭ ጥሩንባውን ይነፋል። ሂዳያ ከድንቹ አንዲት ቁራሽ እጁ ላይ አደረገችለት። ፊቱን የሚያዞርበት መንገድ አልነበረም፤ ፊት ለፊቱ የጓሮው ቆርቆሮ ነው። ቢስሚላህ ብሎ ቆርቆሮውን እያየ በላ።

ወንበሩ ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው አልተመለሰም። በምድጃው አጠገብ ዘይት ይፈናጠቃል፤ በሂዳያም በወርቅቱም ክንድ ላይ ጠባሳ አለ። ሙሂዲን በክፍት ጫማ ነው የሚቀመጠው። አንድ የዘይት ጠብታ፣ ምናልባትም ከአንድ በላይ፣ በግራ እግሩ ጣቶች መሀል ገባ። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ወስዶት ስለነበር አልተሰማውም። ያየችው ወርቅቱ ናት፤ ያየችውም ሽታውን ተከትላ ነው። ያን ጊዜ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር።

ሲስተር ዱረቲ ቁስሉን ስትፈታ ሂዳያ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጓሮው፣ ስለ ኮምቦው፣ ከስልኩ ስለ መጥፋቷ ሁሉንም ነገረቻት። ዱረቲ እያዳመጠች በጥንቃቄ ታጥባለች።

«የስልኩን ነገር እኔ ምንም ላደርገው አልችልም» አለች በመጨረሻ። «እኔ የማውቀው ደሙን ነው። አዲስ አበባ ይዘሽው ሂጂ፤ ዛሬውኑ።»

በኦቦ ነገራ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄዱ። አውቶቡሶቹ በሚቆሙበት ጊንጪ ላይ ድንች ጥብስ በወረቀት የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ። ሙሂዲን አንዷን «ቀምሰሽዋል?» አላት። ሴትየዋ ሳቀችበት።

ሆስፒታሉ እግሩን ከጉልበቱ በታች መቁረጥ እንዳለበት ወሰነ። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ከመግባቱ በፊት ሂዳያን አጠገቡ አስጠርቶ እጇን ያዘ። ስለ እግሩ የሚያነሣ መስሏት ተዘጋጅታ ነበር።

«ማነው የሚቀምሰው?» አላት።

«አሁን እሱን ተወው።»

«ማነው?»

«እኔ።»

«ሰው እያየሽ?»

«ሰው እያየኝ።»

እጇን ለቀቃት። እግሩ ተቆረጠ፤ ቁስሉ ግን አልሽር አለ፤ መርዙም ወደ ደሙ ገባ። ሙሂዲን አምቦን ዳግመኛ በሕይወት አላየም። ጀናዛው በሄዱበት መንገድ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ተመለሰ። በቀብሩ ላይ ተመርቀው የወጡ፣ ሥራ የያዙ ሰዎች ተገኙ፤ ከእነሱ አንዱ ላቦራቶሪ ሞተ ብሎ ጀምሮ ለቅሶ ስለቀደመው መጨረስ አልቻለም። ጂራም መጥቶ ነበር። ቀይ ጃኬቱን አውልቆ ገልብጦ በክንዱ ይዞት ከሰው ኋላ ቆመ።

ሂዳያ ኢዳዋን፣ የባሏን ሐዘን ጊዜ፣ ከጨረሰች በኋላ ከአዲስ አበባ የንግድ ውድድር መርማሪዎች መጡ። ድርጅቱ ተወዳዳሪዎቹን እየገዛ ዘግቷል፣ ሱቆችንም በውል አስሮ ገበያውን ለብቻው ይዟል የሚል አቤቱታ ከብዙ ከተማ ቀርቦበት ነበር፤ ሬዲዮውም በዚያ ሰሞን የሚያወራው ይህንኑ ነው። የምግብ ነጋዴዎች በአንድ አዳራሽ እየተጠሩ ቃላቸውን ሰጡ። ሂዳያን የጠየቀቻት መርማሪ ወጣት ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ግልጽ ነው፣ አነጋገሯም የሰው ነው። ሂዳያ ስለ ምሩቃኑ ቻናል፣ ስለ ውሉ፣ ከገጹ ስለ መውረዷ ተናገረች። ከዚያ ስለ ሙሂዲን እግር ጀመረች።

መርማሪዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች።

«እናቴ፣ አላህ ያጽናሽ። እኔ ግን ይህን ማስገባት አልችልም። እኛ የምንመረምረው ውድድሩን ነው። ይህ የጤና ጉዳይ ነው።»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ የስልኩ ጉዳይ ነው አለችኝ።»

መርማሪዋ ውኃ ቀዳችላት። ሂዳያ ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ወጣች። ውጭ ኦቦ ነገራ ባጃጃቸው ውስጥ ይጠብቋት ነበር።

ውሳኔው እስካሁን አልተሰማም። ቀይ ሳጥኑ ይሠራል። ሂዳያም በእሱ በኩል ትሸጣለች፤ ኮምቦው ከገጿ ከፍ ብሎ ይታያል። ወንበሩን ግን ከጓሮ አውጥታ ወደ ፊት ለፊቱ በር መልሳዋለች። ጠዋት ያቺን አንዷን ሳምቡሳ ከመጥበሻው አውጥታ ከሁለት ትገምሳትና እጇን ወደ በሩ ትዘረጋለች፤ ይህን አሁንም እጇ ራሱ ያደርገዋል። ከዚያ ግማሿን ይዛ ትወጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቢስሚላህ ትላለች። ተማሪዎቹ የስልካቸውን ገጽ እያዩ ያልፋሉ። እሷ ግን ሰው እያየኝ ብላለችና አንድ ሰው ቀና ብሎ እስኪያያት ትጠብቃለች፤ ካየ በኋላ ትጎርሳለች። በየመጥበሻው፣ በየትእዛዙ እንደዚያው ነው። ወርቅቱ ልተካሽ ብላ ለምና ሰልችቷታል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሂዳያ አጠገቧ የውኃ ማሰሮ ታስቀምጣለች። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ዱረቲ የሂዳያን ጣት ወግታ ደሟን ትለካለች።